የአያቶችሽን ዘመን በልብ ወለድ ስታነቢ

ልጄ፣ የታሪክ ልብ ወለዶችን ማንበብ ልጀምር ነው፣ ከየትኛው ልነሣ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል። የመጻሕፍት ስም ደርድሬ ብሰጥሽ ጥያቄሽን መመለስ እችል ነበር፤ ምክር ግን አይሆንም። ምን እንደምታነቢ ከመንገሬ በፊት ለምን እንደምታነቢ እንነጋገር፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና።

በእናንተ ዕድሜ ታሪክ የሚደርሳችሁ ተቆራርጦ ነው። አንዱ የንጉሥ ስም አንሥቶ ያሞግሳል፣ ሌላው ያንኑ ንጉሥ ይረግማል። አንዱ የድል ዓመተ ምሕረት ይጠቅሳል፣ ሌላው የእልቂት ዓመተ ምሕረት ይመዝበታል። ሁሉም ለክርክር ተስሎ የተቀመጠ ነው። በዚህ መሐል የጠፋው ያን ዘመን የኖረው ሰው ነው፤ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ የዘራ፣ ልጁን ዘመቻ ልኮ በር በር ሲያይ የከረመ ሰው። አድዋ ላይ ድል እንደሚገኝ እኛ እናውቃለን። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተቱን አዋጅ ሰምታ ስንቅ ስታሰናዳ የነበረችው ሴት ግን አታውቅም ነበር። በሶውን ስትፈጭ ባሏ ይመለስ አይመለስ፣ እርሷ ራሷ ከጦሩ ጋር ሄዳ ትመለስ አትመለስ የነገራት የለም።

ጥሩ የታሪክ ልብ ወለድ ፍጻሜውን ከማታውቀው ከዚህች ሴት ጎን ያቆምሻል። የታሪክ መጽሐፍ የሆነውን ይነግርሻል፤ ልብ ወለዱ ደግሞ የሆነው ነገር ገና ሳይሆን በፊት ሰዎች ምን ፈርተው፣ ምን ተስፋ አድርገው እንደነበር ያሳይሻል። የምሰጥሽ ምክር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ ሰውን ለማወቅ አንብቢ፣ ለመርታት አታንብቢ።

ከአፄ ቴዎድሮስ እንጀምር። የአማርኛ ደራስያን እንደ እርሳቸው የተመላለሱበት ንጉሥ የለም። ገርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት ጽፎላቸዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እንዲሁ። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን የጻፉት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብርሃኑ በኋላም በ«የታንጉት ምስጢር» ወደዚያው ዘመን ተመልሷል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ «ዋሪየር ኪንግ» ብሎ ስለ ወጣቱ ካሣ፣ ስለ ኋላው ቴዎድሮስ፣ አነሣስ ጽፏል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አንብቢ አልልሽም። ሁለቱን ግን ምረጪና አከታትለሽ አንብቢ፤ የብርሃኑንና የአቤን።

ሁለት መጻሕፍት ስለ አንድ ንጉሥ ስታነቢ ወዲያው የምትረጂው ነገር አለ። እያንዳንዱ የታሪክ ልብ ወለድ ሁለት ዘመን ይዟል፤ የሚተረክበት ዘመንና የተጻፈበት ዘመን። እስኪ አስቢው፤ ሁለቱ መጻሕፍት የወጡት ዙፋኑ የሰሎሞን ዘር ነው ተብሎ በሕገ መንግሥት በተጻፈበት ጊዜ ነው። መጽሐፍ ሳንሱር ሳያልፍ አይታተምም ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ደራሲ ተነሥቶ፣ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ያንቋሸሹትን፣ በጉልበቱና በሐሳቡ ዙፋን ላይ የወጣውን የቋራውን ካሣን ጀግና አድርጎ ሲያቀርብ አንባቢው ምን ይሰማ ነበር? ንጉሥ የሚሆነው በዘር ብቻ ነው ወይ የሚል ጥያቄ በየገጹ ሥር ይተነፍስ ነበር። አቤ ጉበኛ በብዕሩ የተነሣ መጽሐፉ የታገደበት፣ ግዞትም የቀመሰ ሰው ነው። ስለ መቅደላ ሲጽፍ ስለ ራሱም ዘመን እየጻፈ ነበር። ስለዚህ ማናቸውንም የታሪክ ልብ ወለድ ስትከፍቺ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመተ ምሕረት እዪ። ደራሲው በማን ዘመን ሆኖ፣ ምን መናገር ተከልክሎ እንደጻፈ ጠይቂ። ይህን ካላወቅሽ ግማሹን መጽሐፍ ሳታነቢው ትዘጊዋለሽ።

ቀጥሎ የምመክርሽ ከልብ ወለዱ ጎን ዜና መዋዕል እንድታስቀምጪ ነው። ስለ አፄ ቴዎድሮስ ደብተራ ዘነብ በንጉሡ ዘመን በአማርኛ የጻፉት አለ፤ አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉትም አለ። ከዘመናችን ሰዎች ተክለ ጻድቅ መኩሪያ «አፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ብለው በሰፊው ጽፈዋል። ልብ ወለዱንና ታሪኩን ጎን ለጎን ስታነቢ ደራሲው ምን እንደወሰደ፣ ምን እንደፈጠረ ይገለጥልሻል።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ ሰባት ቶን ይመዝናል ይባላል። ንጉሡ በመጨረሻ ዘመናቸው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አስጎትተውታል፤ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ ጉዞው ወራት ፈጅቷል። የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሲጽፍ መድፉ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ማን አዘዘ ብሎ ይመዘግባል። ሥራው ነው። ገመዱ ትከሻውን የላጠው ወታደር ግን ስሙ አልተጻፈም። ያ ሰው ሲጎትት ምን ያስብ ነበር? ንጉሡን ይወድ ነበር ወይስ ይፈራ? ሌሊት ከጓደኛው ጋር ሲያወጋ ልክዳ ወይስ ልታገሥ ብሎ ይሆን? ልብ ወለድ የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። መቼም መዝገብ ያልያዘውን ልብ መፍጠር የደራሲ መብት ነው። ያንቺ ድርሻ ደግሞ የተፈጠረውን ከተመዘገበው ለይቶ ማወቅ ነው። በልብ ወለድ ውስጥ አፄ ቴዎድሮስ የተናገሩትን ዐረፍተ ነገር ይዘሽ «ቴዎድሮስ እንዲህ ብለዋል» ብለሽ ሸንጎ ፊት አትቁሚ። ንግግሩ የደራሲው ነው። መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን መሠዋታቸው ግን የታሪክ ነው።

ከነገሥታቱ ደግሞ ወደ ገበሬው ጎጆ እንውረድ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር መጽሐፍ ተብሎ ስለተወራለት ብዙ ወጣቶች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ብቻ ፈልገው ያነቡታል። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰሙትም ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ፍቅሩን ነው። አንቺ ግን ሌላም ነገር ፈልጊበት። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ ሲያስገብሩ ባላገሮቹ እንዴት እንደተመካከሩ፣ አበጀ በለው እንዴት እንደመራቸው ያለውን ክፍል ቀስ ብለሽ አንብቢ። ለዘመናት ጎንበስ ብሎ የኖረ ሰው እምቢ ለማለት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቀው፣ እምቢታው ከሥርዓትና ከሽማግሌ ጋር እንዴት ተሳስሮ እንደሚሄድ ከዚህ የተሻለ ያሳየኝ የታሪክ መጽሐፍ አላነበብሁም። የጉዱ ካሣን ንግግርም አትለፊው፤ እብድ ያሰኘው ከዘመኑ ቀድሞ ማየቱ ነው። ሀዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወልደው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ያደጉ ናቸውና የገለጹትን ዓለም ከውስጡ ያውቁታል። ገባር፣ ርስት፣ ጉልት የሚባለውን ነገር በደንብ ለመረዳት ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ያዘጋጁትን «ዝክረ ነገር» ከጎንሽ አድርጊ። ግብሩን፣ ማዕረጉን፣ ሥርዓቱን አንድ በአንድ ከሚያስረዱት መጻሕፍት ቀዳሚው እርሱ ነው።

ከዚያ ወደ ጣሊያን ወረራ እለፊ። ገርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ያወጣው «አርአያ» ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ወጣት አገሩን በሙያው ላገልግል ሲል ጦርነት የደረሰበትን ታሪክ ይዟል። መጽሐፉ የተጻፈው ነፃነት በተመለሰ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመሆኑ የዚያ ትውልድ ተስፋም ቅሬታም ትኩስ ሆኖ ተቀምጦበታል። ከእርሱ ጋር አጣምረሽ የምታነቢው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የማዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ስድስት ዕጩዎች አንዱ ሆኗል። ባሕር ማዶ ተወልደው አማርኛ ማንበብ የሚከብዳቸው የአጎትሽ ልጆችም ከዚህ ሊጀምሩ ይችላሉ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሂሩት የምትባል ገረድ አለች። ከአባቷ የወረሰችው አንድ ጠመንጃ ነው፤ ያንንም ጌታዋ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። ጦርነቱ ሲጀመር ሴቶቹ ስንቅ እንዲያዘጋጁና ቁስለኛ እንዲያነሡ ይታዘዛሉ፤ የጌታዋ ሚስት አስቴርና ሂሩት ግን ጠመንጃ ይይዛሉ። እዚህ ላይ ልብ በይ፤ ሁለቱ ሴቶች አብረው ለአገር ይዋጋሉ፣ ግን አንዷ እመቤት ሌላዋ ገረድ መሆናቸው ከጦር ሜዳ አልቀረም። ደራሲዋ ጀግንነቱን ስትጽፍ በደሉን አልሸፈነችውም። ሂሩትን የሚጎዳት ጣሊያን ብቻ አይደለም። ማዛ ይህን መጽሐፍ በምታዘጋጅበት ጊዜ የገዛ ቅድመ አያቷ በአባቷ ጠመንጃ ይገባኛል ብላ ተሟግታ ወደ ጦርነቱ መዝመቷን ከእናቷ እንደሰማች ተናግራለች። ስንት ዓመት ሰነድና ፎቶግራፍ ስታገላብጥ የኖረች ሴት የራሷን ቤት ታሪክ የሰማችው ዘግይታ ነው! ስለዚህ መጽሐፉን ስትጨርሺ ስልክሽን አንሥተሽ አያትሽ ዘንድ ደውዪ። በቤታችን ማን ዘመተ፣ ማን ቀረ፣ ማን ባንዳ ሆነ ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ሁሉ የሚያኮራ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ጠይቂ።

በዚሁ ዘመን አጠገብ ሌላ ትንሽ መጽሐፍ አለ፤ ስለ እርሱ ጥቂት ልቆይ። አባ ገብረየሱስ ኃይሉ የተባሉ ኤርትራዊ ካህን እ.ኤ.አ. በ1927 በትግርኛ «ሓደ ዛንታ»ን ጻፉ። መጽሐፉ የታተመው ጣሊያን ከሄደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ «ዘ ኮንስክሪፕት» ተብሎ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ቱኳቦ የሚባል ወጣት የጣሊያን ወታደር ሆኖ ወደ ሊቢያ ይሄዳል። የሚዋጋው ከማያውቀው፣ ምንም ካልበደለው ዐረብ ጋር ነው። በረሃው ውስጥ ውሃ ጥም ይፈጀዋል፣ አለቆቹ እንደ ሰው አይቆጥሩትም፣ እርሱም ያንን የሚወጋውን ሕዝብ ለአገሩ ሲሞት አይቶ በራሱ ያፍራል። ሲመለስ እናቱን አያገኛትም።

ይህን መጽሐፍ ለምን መረጥሁልሽ? እኛ አርበኛውን እያነሣን ስናድግ፣ ለጣሊያን ለተዋጋው ወታደር የተሰጠው አስካሪ የሚለው ስም ስድብ ሆኖ ቀርቶብናል። እነዚያ ሰዎች ግን እናት ነበራቸው፣ ድህነት ነበረባቸው፣ ወደው የገቡም ተገድደው የገቡም ነበሩ። አባ ገብረየሱስ ቱኳቦን አላጸደቁትም፤ አልጣሉትምም። ከእርሱ ጋር በበረሃው አስጉዘው፣ ጥሙን አስጠምተው፣ ፍርዱን ለአንባቢው ተዉለት። ጠላቴ ነበረ ከምትዪው ሰው ጋር አንድ መጽሐፍ ሙሉ መኖር ከቻልሽ፣ ይህ ዓይነት ንባብ ማስተማር ያለበትን ዋናውን ነገር ተምረሻል። የአባቶችሽ ወገን የነበረውን ጀግና የሚያነግሥ መጽሐፍ ማንበብ ቀላል ነው። አንድ ስታነቢ ከማዶ ያለውንም አንድ አንብቢ።

ስለ 1966ቱ አብዮትና ስለ ተከታዩ ዘመን የተጻፉትን ስታነቢ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባለ ታሪኮቹ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፣ ቁስሉም አልሻረም። የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» በሦስት መጽሐፍ የአብዮቱን ዋዜማ፣ መባቻና ማግሥት ይከተላል፤ የወሎን ረሃብ ያላየሽ ልጅ እዚያ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የማዛ መንግሥቴ የመጀመሪያ መጽሐፍ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ» ደግሞ አንድ ሐኪምና ሁለት ወንዶች ልጆቹ በዚያ ዓመት እንዴት እንደተከፋፈሉ ያሳያል። ደርጎች ተሠቃይታ ልትሞት የደረሰች ልጅ አምጥተው አድናት ይሉታል፤ ካዳናት መልሰው ሊያሠቃዩዋት ነው። አንድ ሐኪም በዚህ መሐል ምን ያድርግ? መጽሐፉን አስቀምጠሽ ይህን ጥያቄ ለአንድ ቀን ይዘሽ ዙሪ።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ»ንም አንብቢ። በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ በማግሥቱ ዓመት የታተመ ነው። ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሥልጣን ላይ የነበረ፣ ዘመቻውንም ከውስጥ ያየ ሰው ነው። በዋናው ባለ ታሪክ በጸጋዬ ኃይለ ማርያም ዐይን አስመራን፣ የሚወዳትን ፊያሜታን፣ ናቅፋን ያሳይሻል። ጸጋዬ የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ሠራተኛ ነው፤ በሚያሰራጨው ቃልና በሚያየው እውነት መካከል ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ ትመለከቺያለሽ። መጽሐፉ ወዲያው ከየመደብሩ ተለቀመ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚ ብቻ አይደለም። ሲጻፍ የዕለቱ ዜና የነበረው ዛሬ ላንቺ ታሪክ ሆኗል፤ ደራሲው በሕይወቱ ከፍሎ ያቆየልሽ ምስክርነት ነውና በችኮላ አታንብቢው። እነዚህን የአብዮት መጻሕፍት ስታነቢ እናትሽንና አባትሽንም በቀስታ ጠይቂያቸው። ሊናገሩ ካልፈለጉ አትጫኛቸው፤ ዝምታቸውም የራሱ ምክንያት አለው።

ከአገር ውጭ ያሉትን ሳላነሣ ብቀር ምክሬ ጎዶሎ ይሆናል። ቺንዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» አንድ የኢግቦ መንደር ሚሲዮኑና ቅኝ ገዢው ሲገቡበት እንዴት እንደፈረሰ ይተርካል። የመጨረሻውን ገጽ ስትደርሺ ቁሚ። አንባቢው ከልጅነት እስከ ሞት አብሮት የኖረውን ኦኮንኮን፣ እንግሊዛዊው ሹም በሚጽፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሊሰጠው ያስባል። የዚያን ሰው ሙሉ ሕይወት በአንድ አንቀጽ! የታሪክ ልብ ወለድ ለምን እንደሚጻፍ በዚያ ገጽ ላይ ተነግሮ አልቋል።

ከአቼቤ ቀጥሎ የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼን «ሃፍ ኦቭ ኤ የሎው ሰን» ውሰጂ። እርሷ የተወለደችው የናይጄሪያው የቢያፍራ ጦርነት ካበቃ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ሁለቱም ወንድ አያቶቿ ግን ከጦርነቱ አልተረፉም። ኡጉ የሚባል የቤት ሠራተኛ ልጅ አለ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ትወጂዋለሽ። በኋላ በግድ ወታደር ይሆናል፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖም ይቅር የማይባል በደል በአንዲት ሴት ላይ ይፈጽማል። ደራሲዋ የራሷን ወገን ልጅ፣ አንባቢው የወደደውን ልጅ፣ ከዚህ አላዳነችውም። ወገኗ ተበድሏል ብላ መጽሐፍ የጻፈች ሴት ወገኔም በድሏል ማለት ከቻለች ብዕሯን ማመን ይቻላል። የሰው አገር ጦርነት ስታነቢ ልብሽ ያላንዳች ወገንተኝነት ያነባል፤ ያንኑ ልብ ይዘሽ ወደ ራስሽ አገር ታሪክ ተመለሺ።

ከሩሲያ ቶልስቶይን ሳትፈሪ ጀምሪ። «ጦርነትና ሰላም» ረጅም ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. የ1812ን ጦርነት ከመወለዱ በፊት የሆነ ነገር ሆኖ ሳለ እንዲህ አድርጎ የጻፈው የለም። የቦሮዲኖን ጦር ሜዳ ራሱ ሄዶ አይቶታል። ፒየር ቤዙኾቭ የሚባለው ሰው ወታደር ሳይሆን ነጭ ባርኔጣውን እንዳደረገ ጦርነቱ መሐል ይገባል፤ ከጢስና ከጩኸት በቀር ማን እንዳሸነፈ፣ የት እንደቆመ አያውቅም። ጄኔራሎቹ በኋላ በካርታ ያስረዱት ጦርነት ለቆመበት ሰው ምን እንደሚመስል የገባኝ በእርሱ ነው።

ስለ ትርጉም መጻሕፍት ስናነሣ የነቢይ መኮንንን ስም መጥራት ግዴታዬ ነው። ነቢይ በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቶቹ ተሸሽገው ከእስር ቤት ወጥተው በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብለው መጽሐፍ ሆኑ። ነገ መኖሩን የማያውቅ እስረኛ የሌላ አገር የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ለእኛ ሊያደርስ በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ቃል ሲመርጥ አስቢው። ይህን ትጋት አክብሪ። ዋናው መጽሐፍ ግን እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሲተርክ ባሪያ አሳዳሪዎቹን ተበዳይ፣ ባሪያዎቹን በኑሯቸው የተደሰቱ አስመስሎ ማቅረቡንም እወቂ። ዋና ባለ ታሪኳን ስካርሌትን የመሰለ ሕያው ሰው መፍጠርና የሚሊዮኖችን ሥቃይ ማድበስበስ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ጥሩ የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። አንድን መጽሐፍ እየወደድሽ መጠርጠርን ልመጂ።

ደካማውን መጽሐፍ በምን ልወቅ ትዪኝ ይሆናል። ሰዎቹ በዛሬ አፍ የሚናገሩ ከሆነ ጠርጥሪ፤ የመሳፍንቱ ዘመን ገበሬ የዘንድሮ ፖለቲከኛ የሚለውን ሲል ካገኘሽው ደራሲው ገበሬውን አልፈለገውም፣ አፉን ነው የፈለገው። ደጉ ሁሉ በአንድ ወገን፣ ክፉው ሁሉ በሌላ ወገን ከተሰለፈ ዝጊው። ሴቶቹ ከማልቀስና ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ ከሌላቸው፣ ደራሲው ስለዚያ ዘመን የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው። በጥቃቅኑ ስሕተት ግን ብዙ አትቆጪ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የመጣው በምኒልክ ዘመን ነውና በቴዎድሮስ ጎንደር ባሕር ዛፍ ሥር ሰው የሚያስቀምጥ ደራሲ ተሳስቷል፤ ይህ በሚቀጥለው እትም ይታረማል። የሰውን ልብ አጣምሞ የጻፈ ግን በእትም አይታረምም።

አሁን ወደ ሥራው። በዚህ ክረምት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጀምሪ፤ ቋንቋው ጆሮሽን ያቃናልሻልና ከቻልሽ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው። ቀጥሎ ሁለቱን የቴዎድሮስ መጻሕፍት ከዘነብ ጋር፤ ከዚያ «ዘ ሻዶው ኪንግ»ን ከ«ዘ ኮንስክሪፕት» ጋር፤ ከዚያ «ኦሮማይ»ን። በዓመቱ መጨረሻ አቼቤንና አዲቼን ጨምሪ። ቶልስቶይ ረዘም ያለ ዕረፍት ስታገኚ ይጠብቅሻል። ደብተር ያዢ፤ ያልገባሽን የግብርና የማዕረግ ስም፣ የምትጠራጠሪውን ነገር ጻፊና ኋላ ከታሪክ መጽሐፍ ጋር አስተያዪው።

ብቻሽንም አታንብቢ። አያቶቹ ከአያቶችሽ በተቃራኒ የተሰለፉ ጓደኛ ካለሽ ከእርሱ ወይም ከእርሷ ጋር አንድ መጽሐፍ ተከፋፍላችሁ አንብቡ፤ ስትጨርሱም ማን ትክክል ነበር ብላችሁ አትጀምሩ። እያንዳንዱ ሰው በዚያች ቀን ምን ያውቅ ነበር፣ ምን ፈራ፣ ምን አማራጭ ነበረው ብላችሁ ጀምሩ። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ መፍረድ ይገባልና፣ በደልን በደል ማለት መተው የለብሽም። ሳያውቁ የሚፈረድና አውቀው የሚፈረድ ግን አንድ አይደሉም። ይህች አገር በታሪኳ የሚከራከር ሰው አልጠፋትም፤ የጎደላት የሌላውን ሰው ዘመን ታግሦ የሚያነብ ነው። አንቺ ከእነዚህ አንዷ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ።